ዛሬ ምን አጎደልሽ?

ጥቅምት 6

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ፤ ጉልበትዎ ይጽና፤ ዓይንዎም እንዳሁኑ ሁሉ ከመነጽርዎ ጋር ተስማምቶ ይክረም። እኔ ደህና ነኝ።

አያቴ የአጎትዎ ልጅ ስለሆነች፣ በትክክል ከተቆጠረ እርስዎም አያቴ ነዎት። ነገር ግን ቤተሰቡ በሙሉ «አክስቴ» ስለሚልዎት እኔም ከልማዱ አልወጣሁም። ከሰባት ዓመት በፊት ከአገር ስወጣ፣ «ስልክ አትደውዪልኝ፤ ጻፊልኝ። በስልክ የተነገረ ነገር አይታረምም» ብለውኝ ነበር። በሰባት ዓመት አራት ጊዜ ብቻ በመጻፌ አፍራለሁ።

ዛሬ የምጽፈው አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። እንደሚያውቁት የከተማ አውቶቡስ አሽከርካሪ ነኝ። ባለፈው ወር አንድ ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ድንገት ፊቴ ገባና ፍሬን ያዝኩ። ቆማ የነበረች ሴት ወደቀች፤ የእጇን አንጓ ወለም አላት። ፖሊስ መጣ፤ ካሜራው ታየ፤ ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ ተጻፈ። ሴትዮዋ ራሷ እንኳ፣ «ባትይዢው ኖሮ ልጁ አልቆለት ነበር፤ እኔ እጄ ይድናል» ብላ አጽናናችኝ። ለእነሱ ነገሩ በዚሁ አልቋል። ለእኔ ግን ራሴን ትራስ ላይ ሳሳርፍ ይጀምራል። ሴትዮዋ ብቻ አይደለችም የምትመጣው፤ ቀኑ በሙሉ ተግተልትሎ ይመጣል። የዘጋሁት በር፣ ያልጠበቅኩት ሰው፣ የመለስኩት መልስ። ሳገላብጠው ይነጋል።

እርስዎ በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳሉ ቀንን እንዴት መዝጋት እንደሚቻል ተምረዋል ስትል እናቴን ሰምቻታለሁ። ማታ ማታ ቀኑን ይመረምሩና ከዚያ እንደ ድንጋይ ይተኛሉ ትላለች። እንደ ድንጋይ ባልተኛም ግድ የለኝም፤ እንደ ሰው ብተኛ ይበቃኛል። እባክዎ አሠራሩን ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ የልጅ ልጅ


ጥቅምት 24

ለልጄ፣

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ መሪ የሚይዘውን እጅሽን ያጽናልሽ። በባዕድ አገር የሚያውቅሽ ባይኖር እንኳ የሚያከብርሽ አያሳጣሽ።

ደብዳቤሽ በአሥራ አምስት ቀን ደረሰ። ከታች ያለው ጫማ ሰፊ ነው ከፖስታ ቤት ያመጣልኝ። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከ ወጥቶ፣ «እትዬ፣ ከባሕር ማዶ የሚፈልግዎ ሰው አለ፤ ምን አጥፍተው ነው?» አለኝ። ሲቀልድ ነው። አልሳቅሁለትም፤ ከሳቅሁለት ነገም ይቀልዳል።

ደብዳቤሽን አርሜ ከዚህ ጋር መልሼዋለሁ። ስምንት ቦታ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ የሠራሁ ሰው ስለሆንሁ ስህተት አይቶ ማለፍ አይሆንልኝም፤ አትቀየሚኝ።

የጠየቅሽኝ አሠራር ይህ ነው። መብራት ከማጥፋትሽ በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጫለሽ። እግርሽ መሬት ይነካል፤ ጀርባሽ አይደገፍም። ቀኑን ከማታው ጀምረሽ ወደ ጠዋቱ ትመልሺዋለሽ፤ ከጠዋት የጀመረ ሰው ምክንያት መደርደር ይቀናዋል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቂያለሽ፦ ዛሬ ምን አጎደልሁ?

በእኛ ጊዜ ጥያቄውን የምትጠይቀን የመኝታ ክፍሉ ኃላፊ ነበረች። ፋኖስ ይዛ በአልጋዎቹ መካከል ስለምትሄድ በሹክሹክታ «ፋኖስ» ነበር የምንላት። ሠላሳ ሁለት አልጋ ነበር። በእያንዳንዱ አልጋ ግርጌ ቆማ፣ «ዛሬ ምን አጎደልሽ?» ትላለች። «ምንም» ማለት አይፈቀድም። «ምንም» ካለች ልጅ ፊት ፋኖሱ አይንቀሳቀስም፤ የቀሩት ልጆችም እስክትናገር ድረስ አይተኙም።

አሁን የመጨረሻውን ደንብ ልብ በዪ። ማታ ያገኘሽውን ጉድለት ጠዋት፣ እህል ከመቅመስሽ በፊት፣ ለሚመለከተው ሰው ትናገሪዋለሽ። ይህን ካልፈጸምሽ የፊተኛው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ስልሳ ሁለት ዓመት እንዲሁ አድርጌ ተኝቻለሁ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 19

ለተከበሩ አክስቴ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የሚወጡት ደረጃ ይቅለልዎ፤ የሚመጣልዎ ደብዳቤም ከዚህኛው የተሻለ ይሁን። በመዘግየቴ ይቅርታ። የዘገየሁት ረስቼ አይደለም።

አሠራሩን እንደጻፉልኝ ፈጸምኩት። የመጀመሪያውን ሳምንት አንድም ጊዜ ሳልነቃ አደርኩ፤ ደስ ብሎኝ ልጽፍልዎ ተነስቼ ነበር። ችግር የሆነብኝ የመጨረሻው ደንብ ነው። ለሚመለከተው ሰው ይነገር ብለዋል። ተሳፋሪው ግን አንዴ ከወረደ የት አገኘዋለሁ? ስለዚህ የሚመለከተው የስምሪት ክፍሉ ነው ብዬ አሰብኩ። እዚያ ማንኛውም አሽከርካሪ መንገድ ላይ ያጋጠመውን የሚሞላበት ቅጽ አለ። ጠዋት ጠዋት ሻይ ሳልቀምስ፣ መሪ ሳልይዝ፣ ቅጽ እሞላ ጀመር።

የመጀመሪያው ቅጽ፣ ከፌርማታ አርባ ሰከንድ ቀድሜ መነሳቴን ነበር። አራተኛው፣ የሕፃን ጋሪ የያዘች እናት እስክትረጋጋ አለመጠበቄን። ሰባተኛው፣ መንገድ ለጠየቀኝ ሽማግሌ ፊቴን ሳላዞር መመለሴን። በአምስት ሳምንት አሥራ አንድ ቅጽ ሞላሁ።

ስለ አሥራ አንደኛው እውነቱን ልንገርዎ። ያን ቀን ምንም አላጠፋሁም ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ከማታ እስከ ጠዋት ሁለት ጊዜ ፈተሽኩ፤ አጣሁ። አንድ ጉድለት ሳልይዝ መተኛት ግን አቃተኝ። በመጨረሻ፣ እየጮኸ ስልክ ያወራ የነበረን አንድ ሰው በስፖኪዮ አይቼ «ይህ ሰውዬ አፉን በዘጋ» ብዬ በልቤ ማሰቤን አስታወስኩና ጠዋት እሱን ሞላሁ። «ስለ አንድ ተሳፋሪ ክፉ አስቤያለሁ» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩበትም።

የስምሪት ኃላፊው አሥራ አንዱንም ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ አስጠራኝ። «አንቺ ልጅ፣ እዚህ ቤት ሃያ ዓመት ስሠራ ሰው ሰውን ሲከስ እንጂ ራሱን ሲከስ አላየሁም» አለኝ። «ወይ ቅድስት ነሽ ወይ ታመሻል። ለሁለቱም ደግሞ አውቶቡስ አይሰጥም።»

ከመሪው አንስተውኛል። አሁን የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ተቀምጬ ጃንጥላ እመዘግባለሁ። መጋቢት 18 ሐኪም ፊት እቀርባለሁ። እሷ «ትችላለች» ካለች እመለሳለሁ፤ «አትችልም» ካለች ሰው የምጭንበት መንጃ ፈቃዴ ይወሰዳል፤ ሁለተኛም አይሰጠኝም።

ደንቡን በትክክል ነው የፈጸምኩት? የሳትኩት ነገር ካለ ይንገሩኝ።

አክባሪዎ


ጥር 5

ለልጄ፣

የተሰበረውን የሚጠግን ጌታ ልብሽን ያበርታው።

ደንቡን በትክክል ፈጽመሻል። የሳትሽው የለም። የተሳሳቱት እነሱ ናቸው። እውነት የሚናገር ሠራተኛ ሲያዩ የሚደነግጡ ከሆነ ድንጋጤው ስለ ራሳቸው ይናገራል። በማተሚያ ቤቱ እኔም እንዲህ ያለ አለቃ ነበረብኝ። አንድ ጊዜ ያሳለፍሁትን ስህተት ራሴ ሄጄ ብነግረው፣ «ማንም አላየው፤ ምን አስቸኮለሽ?» አለኝ። እስኪጦር ድረስ አላከበርሁትም።

ሐኪሟ ፊት ስትቀርቢ አንዳች እንዳትደብቂ። አሥራ ሁለተኛ ካለ አሥራ ሁለተኛውን ንገሪያት። ልብስሽ ንጹሕ ይሁን፤ ስትናገሪ እጅሽን አታወናጭፊ።

ስለ አሥራ አንደኛው ቅጽ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ስለ እሱ የምለው የለኝም።

እዚህ ሁሉ ደህና ነው። የደረጃው አምፖል ተቃጥሎ ሦስት ቀን በጨለማ ስንወጣ ስንወርድ ሰነበትን፤ ትናንት ተቀየረ። ደብዳቤሽ ላይ አሥራ አራት ቦታ አርሜያለሁ። ከበፊቱ ጨምሯል፤ ስትጽፊ ደክሞሽ እንደነበር ያስታውቃል።

አክስትሽ


ጥር 22

ለአክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ትናንት ከአያቴ ጋር በስልክ አወራሁ። ከመሪ መነሳቴን አልነገርኳትም ነበር፤ ድምፄን ሰምታ አወቀችብኝ። «አንቺ፣ ምን ሆነሻል? እንደ ባልቴት ታቃስቻለሽ» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ቅጾቹ ስነግራት ሳቀች። ማን እንዳስተማረኝ ስነግራት ሳቋ ቆመ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦ «ለአክስትሽ ስትጽፊላት አንድ ነገር ጠይቂልኝ። እኔ ከትምህርት ቤት የተባረርሁ ዕለት ጠዋት ቁርስ ምን በላች?»

ምን ማለቷ እንደሆነ ብጠይቃት፣ «እሷ ታውቀዋለች፤ ትዝታዋ እንደ መዝገብ ቤት ነው» ብላ ወሬ ቀየረች። አያቴ ከትምህርት ቤት መባረሯን እኔ ገና ትናንት መስማቴ ነው። ሁልጊዜ የምትለን፣ «ትምህርት አልወድም ነበር» ነው። እርስዎና እሷ አንድ ትምህርት ቤት እንደተማራችሁም አላውቅም ነበር።

እንዳልደብቅ ስለነገሩኝ አልደብቅዎትም፦ አሁን ጭራሽ አልተኛም። ጃንጥላ ስመዘግብ ውዬም የማጎድለው አላጣም። ደንብዎን ልተወው ሞክሬ አቃተኝ። ይህ ደብዳቤ ስንት ቦታ እንደሚታረም አላውቅም። መልሰው ባይልኩልኝ ደስ ይለኛል።

የልጅ ልጅዎ


የካቲት 10

ለአክስቴ፣

ደህና ነዎት? ጥር 22 የጻፍኩት ደብዳቤ ደርሶዎት ይሆን? ቀጠሮው መጋቢት 18 ነው። አልተለወጠም።


የካቲት 27

ለልጄ፣

ይህ ደብዳቤ ከቀጠሮሽ በፊት እጅሽ እንዲገባ እግዚአብሔር ያፍጥነው። ለአንቺም፣ ሳትተኚ ላደርሽው ሌሊት ሁሉ ምትክ ይስጥሽ። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። የመጀመሪያውን ከተቀበልሁ ሃያ ቀን አለፈኝ። የዘገየሁት መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም።

ቁርስ ዳቦና ሻይ ነበር። ዳቦ ደግሜ ጠየቅሁ፤ ተሰጠኝ።

አሥራ አራት ዓመታችን ነበር። አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። አያትሽ፣ ፋኖስ ወደ ክፍሏ ከገባች በኋላ በመስኮት ወጥታ ወደ ዘበኛው ጎጆ ትሄድ ነበር። ዘበኛው ሬዲዮ ነበረው። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ዘፈን ሰምታ ትመለሳለች፤ ሌላ ምንም የለም። አራት ሌሊት አየኋት። አልተናገርሁም፤ ልናገርም አላሰብሁም ነበር።

በአምስተኛው ማታ ፋኖስ አልጋዬ ግርጌ ቆመች። ያን ቀን ጎበዝ ሆኜ ነበር የዋልሁት። ደብተሬ ንጹሕ፣ ጥፍሬ የተቆረጠ፣ ጥያቄ ሁሉ የተመለሰ። ፈለግሁ፤ ጉድለት አጣሁ። ከኋላዬ ያሉት አልጋዎች መንቋቋት ጀመሩ። አንዷ፣ «ኧረ በናትሽ፣ የሆነ ነገር በይና እንተኛ» አለች። እኔም፣ «ያየሁትን ሳልናገር ቆይቻለሁ፤ ጉድለቴ ዝምታ ነው» አልሁ። «ምን አየሽ?» አለች ፋኖስ። ጠዋት እህል ከመቅመሴ በፊት ለዳይሬክተሯ እንድነግር ተወሰድሁ። ነገርኋት። ከዚያ ቁርሴን በላሁ። አያትሽ እኔ ሁለተኛውን ዳቦ ስበላ ሣጥኗን ተሸክማ በመስኮቱ ስር አለፈች። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልገባችም።

ስልሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን በጉድለት መዝገብ አስገብቼው አላውቅም። ደንቡን ፈጽሜ ነበርና። በደስታ ቤትም በሐዘን ቤትም ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፤ ስለ ጤናና ስለ ልጆች እንጠያየቃለን፤ በዚሁ እንለያያለን።

አሥራ አንደኛው ቅጽሽ ላይ ስደርስ የመኝታ ክፍሉን አየሁት። ጥር 5 ስጽፍልሽ ይህን አውቅ ነበር፤ ስለ አለቃና ስለ አምፖል ጻፍሁልሽ።

ባለፈው ማክሰኞ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ አያትሽ ዘንድ ሄድሁ። በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ነው። ክርና ቁልፍ የምትሸጥበትን ሱቅ ታውቂዋለሽ። ስገባ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ስንት ቀዳዳ ያለው ቁልፍ ነው የምትፈልጊው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኋት።

«አንቺ መሆንሽንማ አየሁ። ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን እግር ጣለሽ?»

«እንዴት እንደምትተኚ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«በጎኔ ነው የምተኛው። ሌላስ?»

ወንበር ገፋ አደረገችልኝ። «ለልጅቷ ነው የምትጠይቂው ወይስ ለራስሽ?» አለች።

«ለልጅቷ።»

«እንግዲያው ለልጅቷ እነግርሻለሁ፤ አንቺ በጎን ስሚ።»

የነገረችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁ። ስትተኛ ዓይኗን ትጨፍንና ቀኑን ሙሉ ወደ ሱቋ የገባውን ሰው አንድ በአንድ ትሸኛለች። መጀመሪያ የመጣውን መጀመሪያ። እስከ በር ትሸኘዋለች፤ «ደህና እደር» ትለዋለች፤ ወደሚቀጥለው ትመለሳለች። «በቃ ይኸው ነው» አለችኝ።

«ያጠፋሽበት ሰው ካለስ? ወይስ ያጠፋብሽ?»

«እሱንም እሸኘዋለሁ። ይቅርታ የሚያስፈልገው ከሆነ ነገ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ፤ ሱቁ የትም አይሄድ። አልመረምረውም። ፖሊስ ነኝ እንዴ?»

«ሳትሸኚ የሚቀርብሽ ሰው የለም?»

ቁልፍ የሞላበት ሣጥን አንስታ በየቀለሙ መለየት ያዘች። «አንድ ሰው አለ» አለች። «እሷ ስልሳ ሁለት ዓመት በሩ ላይ ቆማለች። አትገባ፣ አትወጣ። ባልገባ ሰው ምን አደርጋለሁ?»

በዚያን ጊዜ ነገርኋት። ጉድለት አጥቼ እንደነበር፣ ስለዚህም የእሷን እንዳነሳሁ ነገርኋት። እንዲህ ባጭሩ ሲነገር ያስደነግጣል። እሷ አልደነገጠችም። «ይህን ለማወቅ ስልሳ ሁለት ዓመት ፈጀብሽ? እኔ እኮ በመስኮቱ ስር ሳልፍ ነው ያወቅሁት» አለች። ከዚያ ፊቴን አየት አድርጋ፣ «ቁርስ በልተሻል?» አለችኝ።

«አልበላሁም።»

«አልበላሁም! አየሽ፣ ደንብሽን ይዘሽ ነው የመጣሽው። ሦስት ሰዓት መንገድ በባዶ ሆድ! ወድቀሽ ቢሆን ደግሞ በእኔ ሊመጣ ነው።» ሱቁን ዘጋችና ወደ ጓዳ ይዛኝ ገባች። በላሁ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ እኔም ምግቡን ድገሚልኝ ብዬ አልጠየቅሁም።

እዚያው አደርሁ። እንደነገረችኝ አድርጌ ሞከርሁት። መጀመሪያ ትኬት የቆረጠልኝን ልጅ ሸኘሁ። ቀጥሎ አጠገቤ ተቀምጣ መንገዱን ሙሉ ያንቀላፋችውን ሴት። ሾፌሩን፤ ክፉኛ ይነዳ ነበር፤ ሸኘሁት። ከስድስተኛው ሰው በኋላ ያለውን አላውቅም።

አሁን ለአንቺ። ጥቅምት 24 ከጻፍሁልሽ ውስጥ የመጨረሻውን ደንብ ሰርዢው። ጥያቄውንም ሰርዢው። ጥር 5 የጻፍሁልሽን ደብዳቤ በሙሉ ሰርዢው። አሥራ አንደኛውን ቅጽ የሞላው እጅሽ ቢሆንም ጥፋቱ የእኔ ነው። ሐኪሟ ከጠየቀችሽ ይህንኑ ንገሪያት፤ ካልጠየቀችሽ አትንገሪያት።

የጥር 22 ደብዳቤሽን አላረምሁትም።

አክስትሽ


መጋቢት 29

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንቅልፍዎ የጣመ፣ ማለዳዎ የቀለለ ይሁን። ደብዳቤዎ መጋቢት 12 ደረሰኝ። ከቀጠሮው በፊት ስድስት ሌሊት ነበረኝ። የመጀመሪያውን ሌሊት አልሆነልኝም፤ ሰዎቹን እየሸኘሁ መሃል ላይ ተመልሼ መመርመር እጀምራለሁ። በሁለተኛው ግን እኔ ባለሱቅ እንዳልሆንኩ ትዝ አለኝ። ሰውን እስከ በር መሸኘት አላውቅበትም፤ ማውረድ ነው የማውቀው። ስለዚህ በየፌርማታው አወርዳቸው ጀመር። የጠፋ ጃንጥላውን ሊጠይቅ መጥቶ የሰደበኝን ሰውዬ አንደኛው ፌርማታ ላይ አወረድኩት። የቀኝ እግር ጫማ ብቻ ጥላ የሄደችውን ልጅ ሁለተኛው ላይ። የስምሪት ኃላፊው ረጅም መንገድ ሄደ፤ እሱም ወረደ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እንደ እኔ የእጅ ሰዓቷን በጣቷ የማዞር ልማድ አላት። አሥራ አንዱ ቅጽ ፊቷ ነበር። ስለ ዓይኔ፣ ስለ ጆሮዬ፣ ስለምወስደው መድኃኒት ጠየቀችኝ። ከዚያ፣ «ትናንት ማታ ከመተኛትሽ በፊት ምን አሰብሽ?» አለችኝ።

«ሰዎች አወረድኩ» አልኳት።

«ምን ዓይነት ሰዎች?»

ነገርኳት። ስለ ባለጫማዋ ልጅ ስነግራት ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቅ እንደሆነ አላውቅም። «ነገ መሪ ይዘሽ አንድ ነገር ብታጠፊስ?» አለች።

«ቅጽ የሚያስሞላ ከሆነ እሞላለሁ። ሌላው ከሰዎቹ ጋር ይወርዳል።»

«የሚያስሞላውን ከማያስሞላው በምን ትለዪዋለሽ?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ሰዓቱ ሲሄድ ይሰማኛል። በመጨረሻ፣ «ለተሳፋሪው የሚጠቅም ከሆነ እሞላለሁ፤ እኔ እንድተኛ ብቻ ከሆነ አልሞላም» አልኳት። የሆነ ነገር ጻፈች። አሥራ አንዱን ቅጽ ሰብስባ ወደ ማህደሩ ከተተችና፣ «ሂጂ፤ በደብዳቤ ይደርስሻል» አለችኝ።

በስድስተኛው ቀን ደረሰኝ። ትችላለች ይላል። ለሦስት ወር በየወሩ ሐኪም ፊት እንድቀርብ፣ እስከዚያም አጭሩን መስመር ብቻ እንድነዳ ይላል። አጭሩ መስመር ከሆስፒታሉ እስከ ባቡር ጣቢያው ነው፤ አሥራ አራት ፌርማታ። ማንም አይወደውም። የስምሪት ኃላፊው ቁልፉን ሲሰጠኝ፣ «ደግሞ ዛሬ ምን ልትጽፊብን ነው?» አለኝ። «ስለ አንተ ክፉ አስቤያለሁ፤ ግን አልጽፈውም» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ።

ትናንት የመጀመሪያው ቀኔ ነበር። ዝናብ ነበር። ሰባተኛው ፌርማታ ላይ ተሳፋሪ ጭኜ በሩን ዘግቼ፣ ምልክት አሳይቼ፣ ወደ መንገዱ ወጣሁ። በስፖኪዮው አንድ ሰው ሲሮጥ አየሁ። ቦርሳ አንግቷል፤ አንድ እጁን አንስቷል። ከኋላዬ መኪኖች ነበሩ። መቆም አይፈቀድም፤ ቢፈቀድም አደገኛ ነበር። ሄድኩ። እየራቀ ሲሄድ እጁን ሲያወርድ አየሁት።

ማታ ተኛሁና ማውረድ ጀመርኩ። ሁለቱን ነርሶች አወረድኩ። አበባ የያዘውን ልጅ አወረድኩ። እጁ በፋሻ የታሰረውን ሰውዬ ቀስ ብዬ አወረድኩ። ባለቦርሳው ተራ ሲደርስ ግን ተቸገርኩ። እሱን ማውረድ አይቻልም፤ አልተሳፈረም። ድሮ ቢሆን እዚህ ላይ እነሳና አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጥ ነበር።

አልተነሳሁም። አውቶቡሱን አቆምኩና በሩን ከፈትኩለት። ገባ፤ ቦርሳውን አራገፈ፤ ምንም አላለኝም። እስከ ባቡር ጣቢያው ወሰድኩት። ሲወርድ አላየሁም፤ ተኝቼ ነበር።

የልጅ ልጅዎ